የማቻኮስ ወንፈል

ማቻኮስ፣ ኬንያ
ጥር 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ ተረፈ ወልደሚካኤል
ቡታጅራ

አባቴ ሲሞት በእሱ ቦታ ቆመው ያሳደጉኝ ጋሼ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እናቴ አበባስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። አውሮፕላኑ ላይ ግን ነፍሴ ጉሮሮዬ ደርሳ ነበር። እርስዎ «ዓይንሽን ጨፍነሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ» ብለውኝ አልነበር? ናይሮቢ እስክደርስ አርባ ጊዜ ሳልደግም አልቀረሁም።

ትምህርት ቤቱ ከማቻኮስ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ሰባት ክፍል፣ አምስት አስተማሪ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ይጸልያሉ፣ እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። መጀመሪያ ቀን ርእሰ መምህሩ ሚስተር ሙቱዋ «ይህች መምህርት ከኢትዮጵያ የመጣች ናት» ሲላቸው አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ያቺ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ አሁንም አለች?» አለች። እንደ ከነዓን የድሮ አገር መስላቸው ኖሯል! «አለች፤ ቡታጅራ የምትባል ከተማም አለቻት» አልኳቸው። ከሰልፉ ሲበተኑ እየመጡ ክንዴን ነካ ነካ አደረጉኝ። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ደግሞ ይህን ይስሙ። እዚህ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ስትሆን «አንድ ሰዓት» ይላሉ። የፈረንጅ ሰዓት የሚሠራው በቢሮና በደወል ብቻ ነው። «ነገ በሁለት ሰዓት ኑ» ብያቸው ሁሉም በሁለት ሰዓት መጡ፤ እኔ በፈረንጅ ሰዓት እቆጥራለሁ ብሎ ያሰበው ሚስተር ሙቱዋ ብቻ ሲቀር ሁላችንም ሳቅን።

መጻፉ ከብዶኝ ወደ ኋላ ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ሲሸኙኝ ለመርካቶው ነጋዴ ለአቶ ወልደአማኑኤል «ልጄ በውጭ አገር ደመወዝ ልትቀጠር ነው» ሲሉ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ጋሼ፣ ደመወዝ የለውም። የኢትዮጵያና የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ስብሰባ ላይ ኬንያዎቹ የሒሳብ አስተማሪ እንደሌላቸው ሲናገሩ እጄን ያወጣሁት በነጻ ላስተምር ብዬ ነው። ከማስተምርበት ከወልቂጤ ትምህርት ቤትም የወሰድኩት የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለ ደመወዝ ነው። ማደሪያና ምግብ ይሰጡኛል። ያኔ ፊትዎ እንዳይከፋ ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጾሜን አላፈረስኩም። ምግባቸው በቆሎና ባቄላ አንድ ላይ የተቀቀለ ነው፤ ሳላስበው ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ልሆን ነው።

ልጅዎ
አደይ ገሠሠ


ቡታጅራ
መጋቢት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለአደይ

ሰላምና ጤና ከወንድሜ ልጅ አይራቅ! እናትሽ ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ግን እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ሲፈልግ ይሠራል ሳይፈልግ ይቀራል።

ደብዳቤሽ መርካቶ ወልደአማኑኤል ሱቅ የበርበሬ ጆንያ ላይ አሥራ ሁለት ቀን ከርሞ ነው የደረሰኝ። እያነጠስኩ አነበብኩት። ከዚያም ሱቄ በር ላይ ለገበያ ጎረቤቶቼ ለሰይዶና ለሃሊማ፣ ለመሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ፣ በገበያው ላለፈ ላገደመው ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ቡታጅራ የምትባል ከተማም አለቻት» የሚለው ጋ ስደርስ ሰይዶ «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩት። ሃሊማ እልል አለች። «ደመወዝ የለውም» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ድንገት ሳል ያዘኝ። ያዘኝና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ምን አድርግ ትዪኛለሽ ልጄ? በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ጉራጌ ተወልዳ ባሕር ማዶ ሄዳ በነጻ ትሠራለች ብል ገበያው ይዘጋል። ሦስት ቀን ተቆጣሁሽ። በአራተኛው ቀን ደበሌ፣ ያ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ፣ ማንንም የማያምነው ደበሌ፣ ሰው በተሰበሰበበት «እሺ ተረፈ፣ ልጅቱ በወር ስንት ታገኛለች?» አለኝ። ያን ጊዜ አምላክ መልሱን ከአፌ አወጣው። «እሷ ተቀጣሪ አይደለችም፣ ወንፈል ገብታ ነው!» አልኩት።

ሁሉም ገባቸው። ዛሬ እኔ ማሳህን ላርምልህ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። በወንፈል ደመወዝ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። እኔም ራሴ ካልኩት በኋላ ነገሩ ልክ ሆኖ ታየኝ። ሰው ጉልበቱን ለሰው አበደረ እንጂ አልጣለም። አሁን በኩራት ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከላይ ሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ትምህርት ቤት ልንሠራ ቆርጠናል። ታውቂዋለሽ፣ ከዚያ ቡታጅራ ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ልጃገረድማ ማን ይልካል? እያንዳንዱ ቤት አንድ ምሰሶ አመጣ፤ ቆርቆሮውን አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችን ባለፈው መስቀል ሊገቡ ሲሉ አዋጥተው ላኩ። የአውራጃው ትምህርት ጸሐፊ አቶ ሽባባው ቅን ሰው ነው፤ «ቤቱንም መምህሩንም ለመስከረም ካዘጋጃችሁ መዝገብ ላይ አሰፍራችኋለሁ፤ እኛ ጋ ግን ለሁለት ዓመት የሚላክ መምህር የለም» አለን። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ተነሣሁ። «መምህርማ አለን! የገሠሠ ልጅ አደይ በመስከረም ትገባለች» አልኳቸው።

የአንድ ዓመት ፈቃድሽ ከትምህርት ዘመኑ ጋር በመስከረም ያልቅ የለም? እናትሽም የመስቀል በሬ ሳይታረድ ቤት ትገባለች ብላ ቀን እየቆጠረች ነው።

አጎትሽ
ተረፈ


ማቻኮስ
ሚያዝያ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ ተረፈ

ለትንሣኤው በዓል እንኳን አደረሰዎ። እናቴንም ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላታለሁ።

እኔ ዘንድሮ ፋሲካ ሁለት ጊዜ መጣብኝ። የእነሱ የዋለው እኔ ሁዳዴ ላይ እያለሁ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፍየል ታርዶ ሰው ሁሉ ይበላል፣ እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ማማ ንዱኩ የምትባል መምህርት አለች፤ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማረች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ባል የሞተባት ሴት። አየችኝና ሥጋዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ባቄላ ይዛ መጣች። «ብቻሽን አትጾሚም» ብላ በበዓሏ ቀን ከእኔ ጋር ባቄላ በላች። የእኛ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ዶሮ አርዳ በሬን አንኳኳች። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቻለሁ።

ጋሼ፣ ስለ ወንፈሉ የጻፉትን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ኋላም ፈራሁ። እኔ የመጣሁት በበጎ ፈቃድ ነው፤ ወንፈል አይደለም። ወንፈል ሁለቱም ወገን አውቀው የሚገቡበት ውል ነው። እነዚህ ሰዎች አንድም የተዋዋሉት ነገር የለም። ለደበሌ እንዲህ ብለው ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ክፍሌ ልንገርዎ። የያዝኩት ሰባተኛ ክፍልን ነው። ሃያ ሦስት ናቸው፤ የመንግሥት ፈተና ይጠብቃቸዋል። አምና ያለፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የተቀሩት በሒሳብ ወደቁ። ክፍልፋይ ሲያዩ ዓይናቸው ይፈዝ ነበር። እኔ የቆጮ ቁራሽ እንዴት ለስምንት ቤተሰብ እንደሚካፈል በኖራ ሥዬ ጀመርኩላቸው። ቆጮ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ መካፈሉን ግን ያውቁታል። ምዊካሊ የምትባል ልጅ፣ ያቺ ስለ ኢትዮጵያ የጠየቀችው፣ አሁን ከእኔ ቀድማ ትመልሳለች። አባቷ ሊያስቀራት ነበር፤ ቤቷ ሄጄ ከአባቷ ጋር ተሟገትኩ፤ እስከ ፈተናው ድረስ ተፈቀደላት።

የትምህርት ዘመናቸው እንደ እኛ አይደለም። የሚጀምረው በጥር ነው። ፈተናውም በኅዳር ነው።

ስለ መስከረም በሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ
አደይ


ቡታጅራ
ሰኔ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአደይ ገሠሠ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደኅና ነን።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ለገበያው ግን አላነበብኩትም። ሰይዶ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ «አልደረሰም» አልኩት። ለሰይዶ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

የላይ ሰፈር ትምህርት ቤት ተከደነ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ፀሐይ መውጫን ያያሉ። ሴቶቹ ግድግዳውን በጭቃ መርገው በእጃቸው አለስልሰውታል። ደበሌ ራሱ፣ በሰባ ዓመቱ፣ የመምህሩን ወንበር ጠርቦ አመጣ። ሲያስቀምጠው «የአደይ ነው» አለ። ያ ሰው ለሰው ጥሩ ቃል ሲወጣው እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ኅዳር ብለሽ ጻፍሽ፤ መስከረምን ግን ዘለልሽው። እኔ ልጄን አውቃታለሁ፤ የምትዘልለው ሲጨንቃት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። በመስከረም መምህር ከሌለ አቶ ሽባባው መዝገቡን ይዘጋል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። በሁለት ዓመት ስንት ልጃገረድ ትዳራለች? አንቺ ራስሽ ቁጠሪ፤ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ።

አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም?

ተረፈ


ማቻኮስ
ሰኔ 29 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ተረፈ

የወንድምዎን ልጅ እንደማይጠሏት ተማምኜ ይህን እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት ጤናዎን ይስጥዎ።

አልመጣም፣ ጋሼ። በመስከረም አልመጣም።

ሌላ ቃል ፈልጌ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። እነዚህን ልጆች ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ትቼ ብሄድ አምና የሆነው ይሆናል። ሌላ የሒሳብ መምህር የለም። ምዊካሊ ካለፈች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች፤ ከወደቀች በዚያው ሳምንት ትዳራለች። አባቷ ይህን ፊት ለፊት ነግሮኛል። እርስዎ የላይ ሰፈር ልጃገረዶችን ቁጠሪ አሉኝ። ቆጥሬአለሁ። እነዚህንም ቆጥሬአለሁ። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ እኔ ግን አንድ ነኝ።

እርስዎ ነዎት ቃሌን እንድጠብቅ ያስተማሩኝ። አንድ የትምህርት ዘመን ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ እዚያ ነኝ፤ ወልቂጤንም ለቅቄ ደበሌ በጠረበው ወንበር እቀመጣለሁ። አቶ ሽባባው ሦስት ወር ይታገሠን እንደሁ ይለምኑልኝ።

ወንበሩን ባሰብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። ለእናቴ ለመስቀል አልደርስም የሚለውን እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ መጻፍ አቃተኝ።

ልጅዎ አደይ


ቡታጅራ
ሐምሌ 21 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለአደይ

እንደምን አለሽ? እኔ ደኅና አይደለሁም፤ በሽታዬ ግን የሐኪም አይደለም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እናትሽ ናት የገሠጸችኝ። «ልጅቷን ቃል ጠብቂ ብለህ አሳድገህ ስትጠብቅ ታኮርፋለህ?» አለችኝ። እሷስ መስቀልን ያለ አንቺ ልትውል ነው፤ ግን «ትጨርስ» አለች። ከእኔ ይልቅ ወንድ ሆና ተገኘች።

አቶ ሽባባውን ለመንኩት። እጅ ነሥቼ ለመንኩት። «አቶ ተረፈ፣ መዝገቡ መስከረም ሃያ አምስት ይዘጋል፤ እኔ ራሴ አልከፍተውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሱ ሥራ ነው።

አሁን የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። እሑድ የላይ ሰፈር ሰው ተሰበሰበ። «አደይ አትመጣም» ብዬ ቁጭ ልል ነበር የሄድኩት። ተነሥቼ የመጀመሪያውን ቃል፣ «አደይ» የሚለውን፣ ተናገርኩ። አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ወንበሩ ፊት ለፊቴ ነው። ደበሌ «ቀጥል» አለ። ቀጠልኩ። «አደይ እዚያ ማሳውን አርማ ሳትጨርስ አትወጣም፣ ወንፈል ነውና። ነገር ግን እነሱም ወንፈላቸውን ይመልሳሉ። በመስከረም የእነሱ መምህር እዚህ ይመጣል!» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ሁለቱም ደርሶብኛል።

ሰው በደስታ ተነሣ። ብድር በምድር እያሉ መረቁኝ። ሽማግሌዎች አገሩን መረቁ፤ ኬንያንም መረቁ። እኔ እዚያ ቆሜ «አሜን» እላለሁ፣ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። ስመለስ መንገድ ላይ ለመሪጌታ እውነቱን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በማታዝዘው ሰው ጉልበት ቃል ገባህ» አሉኝ።

አንቺ በጎ ፈቃድ ወንፈል አይደለም ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ። እንግዲህ እኔ በመስከረም ላይ ሰፈር ወጥቼ ዋሽቻችኋለሁ ብዬ እቆማለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ነው የምናገረው። ይህን የምጽፍልሽ እንድትፈጽሚው አይደለም፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። ልጆቹን አሳልፊያቸው።

አጎትሽ
ተረፈ


ማቻኮስ
ጳጉሜን 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለኩሩው አጎቴ ለጋሼ ተረፈ

ይህን ደብዳቤ በእጇ የሰጠችዎት ሴት ማማ ንዱኩ ናት። ቁጭ ያድርጓትና ከዚያ ያንብቡ፤ መንገደኛ ናት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ የሚለው ጋ ስደርስ መምህራን ክፍል ውስጥ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ማማ ንዱኩ አየችኝ። «ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም ብዬ ነገሩን ነገርኳት፤ እንደ ሞኝነት፣ እንደሚያስቅ ነገር አድርጌ ነው የነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ያንን የመሥራት ውል ምን ትሉታላችሁ?» አለች። «ወንፈል» አልኳት። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፏ አገላበጠችው። ከዚያ «እኛ ምዌትያ እንለዋለን» አለችኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ጎርፍ የበላውን ኮረብታ በኅብረት እርከን የሚቆፍሩበት ቀን ነው፤ ራሱ ምዌትያ። ለዕረፍት ሲቀመጡ ንዱኩ እጄን ጎትታ መሐል አቆመችኝ፤ ደብዳቤዎን በእንግሊዝኛ አነበብኩ፣ ሚስተር ሙቱዋ በቋንቋቸው ተረጎመው። ኀፍረቴ መሬት ባስገባኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ዋሸሁ ያሉበት ቦታ ስደርስ የምዊካሊ አባት መቆፈሪያውን ይዞ ተነሣ። ያ ልጁን ሊያስቀር የነበረው ሰው! «ይቺ ሴት ስምንት ወር ማሳችንን ስታርም ወገኖቿ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ባለዕዳ አድርገሽን በሰላም ታስተኚናለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። በእኔ ላይ ነው የተቆጣው!

ያኔ ንዱኩ ተነሣች። «ጀማሪ ተማሪ በየትም አገር ያው ነው፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቆጥራል። እኔ እሄዳለሁ» አለች። የሷን ክፍል ጠዋት ጠዋት እኔ እይዛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍልን። የመንገዷን ወላጆቹና ቤተ ክርስቲያኑ ቻሉት። ታኅሣሥ ስገባ እንለዋወጣለን።

ስለዚህ ጋሼ አልዋሹም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ወንፈል የሚያውቅ ሰው ሳይዋዋሉትም ይገባዋል።

ስለ እሷ ይህን ይወቁ። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ አማርኛ አስተምሬያታለሁ፤ «ቁጭ በሉ»፣ «ተነሡ»፣ «ጎበዝ» ታውቃለች፤ ፊደል እስከ መ ደርሳለች። ቁጥርና እንግሊዝኛ እሷ ታስተምር፣ ፊደሉን መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ ይያዙልኝ። ጸሎቷ በራሷ ሥርዓት ነው፤ ማንም ስለ ሃይማኖት እንዳይሟገታት። ጥሬ ሥጋም አታስገድዷት።

እናቴ በእኔ ፈንታ ትቀፋት።

አደይ


ቡታጅራ
መስከረም 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለመምህርት አደይ ገሠሠ

ዘመንን ከዘመን ያሸጋገረን አምላክ ይክበር! ልጄ፣ ዛሬ በስንት ወሬ ልጀምር?

ከወልደአማኑኤል «እንግዳ መጥታለች፣ ና» የሚል ቃል በሾፌር ሲደርሰኝ አንቺ መስለሽኝ ሮጬ ሄድኩ። መርካቶ ሱቁ ውስጥ በርበሬ ጆንያ ላይ አንዲት ግርማ ያላት ሴት ተቀምጣ እያነጠሰች አገኘሁ። ተነሥታ «እንደምን ዋሉ ጋሼ ተረፈ» አለችኝ፣ በአማርኛ! ደብዳቤሽን ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ወልደአማኑኤል ግን እጇን ይዘህ ሳምክ ይለኛል።

ቡታጅራ ስንገባ የገበያ ቀን ነበር። አውቶቡሱ ሳይቆም ሰይዶ አየን። የመጀመሪያ ልጁን የሚድር ሰው ይመስል ከፊት ከፊታችን እየጮኸ ሄደ። ማማ ንዱኩ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ» ነኝ ስትለው «ኧረ ሙዐሊም ናት፣ መምህርት!» ብሎ ለመላው ገበያ ተረጎመ። ሃሊማ ቤቷ አስገብታ ወተት ካላጠጣኋት አለች። ማማ ንዱኩ በስንት ሰዓት ወደ ላይ ሰፈር እንደምንወጣ ብትጠይቀኝ በጣቴ አሳየኋት፤ ያለ ፈረንጅ ሰዓት ተግባባን።

እናትሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። እናትሽ እንደ ነገርሻት አቀፈቻት፤ ኋላ ግን ሁለቱም እንደማይለቃቀቁ ሳይ እኔ ወጥቼ ሄድኩ። የመስቀል ዕለት በትእዛዝሽ መሠረት የሷን ሥጋ እናትሽ ጠብሳ ሰጠቻት። እሷ ደበሌ ቤት ለሰላምታ ገብታ ክትፎ ሲቀርብላት ቀመሰችና «ጎበዝ» አለች። ደበሌ ይህን ለሁሉም እየዞረ ያወራል።

ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። ስድሳ አንድ ልጅ፤ ሃያ ስድስቱ ሴቶች። ግማሹ አለቀሰ። ማማ ንዱኩ ወጣች፣ ከደጅ ጠጠር ለቅማ ተመለሰች፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት በእጁ ሰጠች። ልቅሶው ቆመ። እኔ በመስኮት ነበርኩ። ሽማግሌ ሁሉ በመስኮት ነበር። ቀትር ሲሆን ላይ ሰፈር በሙሉ በእንግሊዝኛ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ ደበሌም ጭምር።

ሐሙስ አቶ ሽባባው በበቅሎ መጣ፤ መዝገቡ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው። በደበሌ ወንበር ላይ ተቀመጠና መዝገቡን ገለጠ። ሰው በሙሉ ቆሟል። «የመምህሯ ስም?» አለ። «ንዱኩ» አልኩት። የአባቷን ስም ራሷ ነገረችው፤ እንዴት እንደሚጻፍም መሪጌታ ነገሩት። «ዜግነት?» «ኬንያ።» ብዕሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ደመወዝ ከፋይስ? ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ መዝገቡን አይቀበሉኝም» አለ። በከፈትኩት ቁጥር የሚያጣላኝ አፌ የዚያን ቀን እምቢ አለ።

ደበሌ ነው ከኋላ በዱላው እየተደገፈ የመጣው። «ተከፍሏል ብለህ ጻፍ» አለው።

«ማን ከፈለ?»

«ስምንት ወር የሠራችው ልጃችን ናታ! አደይ ገሠሠ ብለህ ጻፍ።»

አቶ ሽባባው ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ ሰዉን አየ። አንድም ሰው አልሳቀም። ብዕሩን ነክሮ ጻፈው።

ልጄ፣ አባትሽ ፊደል ሳይቆጥር ነው የሞተው። ወንድሜ ስሙ እዚህ በእኛ አገር የትም ተጽፎ አያውቅም፤ ሲወለድም፣ ሲዳርም፣ ሲቀበርም። ሐሙስ ዕለት መሪጌታን አስነበብኳቸው፤ በገዛ ጣቴም እየተከተልኩ አነበብኩት። ገሠሠ ይላል። የመንግሥት መዝገብ ላይ፣ በቀይ ሽፋን ውስጥ፣ ገሠሠ ይላል። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

አጎትሽ
ተረፈ ወልደሚካኤል